ውስጥ የሚያድር አለ?

አመዴ ጓጉንቸር ሊሸጥ ሲደራደር
ከዋጋው በፊት ነው የሚያነሳው ነገር፦
«ውስጥ የሚያድር አለ?»
ገዢው ይስቅና «ኧረ የለም» ካለ
ያቀብለዋል ዕቃውን፣ ብር እንኳ ሳይቆጥር።
«አለ» ያለው እንደሁ፣ ሳጥኑን ከድኖ
«ሂድልኝ» ይለዋል፣ ፊቱ ጦሳን ሆኖ፣
ጉም የወረደበት።
እብድ ነው ይሉታል ሰኞ ገበያ ላይ።
ይበሉት።

በደርግ ጊዜ ነው። ደሴ፣ እስር ቤት ክፍል፣
ከማንኪያ እጀታ መክፈቻ ሊያበቅል
ዘጠኝ ሌት ሞረደ በሲሚንቶው ወለል።
ብረት ሲፋቅ ይጮኻል፣ የዘብ ጆሮ ስል ነው፤
ተገኘ የሚሉት፣ ጎኑ የሚተኛው፣
ብረት በጮኸ ቁጥር ያስል ነበር አውቆ፣
ሳቁንም በዚያው ሳል ከዘቦች ደብቆ።
አንዴማ ዘቡ ራርቶ ውሃ በጣሳ ሰጠው፣
«አይዞህ ወንድም» አለው።
ስምንቱን ሌት የውሸት። በዘጠነኛው ሌት
ሳሉ እውነት ሆነበት።

በሩ እሺ ሲል «ሂድ» አለው፣ አፉን በጋቢ ይዞ፣
«ማን ያመልጣል ደሞ ይህን ሳል አርግዞ?
መልሰህ ቆልፈው፤ ዘቡ ሲዞር ሌቱን
እንደነበር ያግኘው፣ አይጠርጥር በሩን።»
አመዴ ቆለፈው።

ወረደ ወደ ቆላ፣ ቦርከናን አጅቦ፣
ሌት ሌት እየሄደ፣ ቀን አድፍጦ፣ ተርቦ።
ከሚሴ ሲጠጋ ከኋላ ደረሱ።
ማሽላ ጠባቂ፣ ማማዋ ላይ ሆና፣
አየችው። ወንጭፏን ወደ ማዶ አቅና
ድንጋይ ለቀቀች።
ወፉ ግር ብሎ በረረ፣ ሰው የነካው መስሎ፤
ወታደሩም ሮጠ ወፉን ተከትሎ።
ስሟን አልጠየቃት። ሊጠይቅ ሲመለስ፣
ዘመን አልፎ፣ ቆይቶ፣
ማማው ፈርሶ ነበር።

እኔ እንዴት አወቅሁ? ሱቅ አዳሪ ነበርኩ፤
ከኩታበር ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም።
ባለሱቁ ማታ ከውጭ ይቆልፋል፤
ሌባ እንዳይገባ ነው ወይስ እኔ እንዳልወጣ፣
ዛሬም አልገባኝም።
አንድ ሌሊት ጢስ መጣ
በበሩ ሥር ሾልኮ፣ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣
እንደሚያፍር እንግዳ።
ሸራ ተራ ነዷል፤ ኮንጎ ጫማ ሟሙቶ
በቦዩ ይወርዳል እንደ ማር ተጎትቶ።
የከተማው ቦቴ ውሃው ቶሎ አለቀ።
የኮምቦልቻው ደግሞ ለእርዳታ ተጠርቷል፤
የሐረጎን መዞሪያ ገና ይቆጥራል።
ከመስጊዱ ጓሮ ሰው በሳፋ ቀድቶ
ይሮጣል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈሳል።

መጮህ ፈለግሁ፤ እንቢ። ሳል ብቻ ነው የወጣኝ።
ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ድንገት ቆመ። ሰማኝ።
«ተገኘ?» አለ ድምፁ።
መክፈቻው ተገኘ ወይ ያለኝ መስሎኝ፣ ከውስጥ፣
«አልተገኘም» አልኩት።

ዝም አለ።
ከዚያ ብረት ሲፋቅ፣ ሲጮኽ ሰማሁ፣ ሲያብድ።
ጓጉንቸሩ ግሏል። በባዶ እጁ ይዞ
ከፈተው። ዛሬም አለ መዳፉ ላይ፣ ፈዞ፣
የቀለበቱ ጠባሳ፣ የ«በ» ፊደል መሳይ።
ጎትቶ አወጣኝና ተመልሶ ገባ፣
ጆንያውን ሁሉ እየገለበ ሊያይ።
ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ጮኽን፤ አልሰማንም።
በእግሩ ጎትተው እስኪያወጡት ድረስ
ሲፈልግ ነበር።

ሲነጋ ባለሱቁ መጣ። ስኳሩን ቆጠረ።

አሁን ከእሱ ጋር ነኝ፤ ቁልፍ እቀርጻለሁ።
ተገኘ የት ደረሰ? ብዬ አልጠይቀውም።
የዚያ ሌሊት ጢስ ግን ከደረቴ አልወጣም፤
እሱ ብረት ሲሞርድ፣ ሳላስበው፣ አስላለሁ።
ሞረዱን ያቆማል።
ቀና ብሎ በሩን ለአፍታ ያህል ያያል።
ክፍት ነው።